«ሙያ በልብ» የማይሠራበት ሙያ

በእኛ አገር ሙያ በልብ ነው። ባለመድኃኒቱ ሥሩን የሚቆፍረው ሰው ሳያየው ማልዶ ነው። ለገዛ ልጁ እንኳ የሚነግረው ሞት ደጁ ሲደርስ ነው፤ አንዳንዴም ሳይናገር ይሄዳል። የድግስ ወጥ ሠሪዋ «ምን ጨምረሽበት ነው እንዲህ የጣፈጠው?» ስትባል «ኧረ ምንም!» ብላ ታልፋለች። አባባሉ በመጀመሪያ «አትኩራራ፣ ችሎታህ በሥራህ ይታይ» ለማለት የተነገረ ይመስለኛል፤ እኛ ግን ለመደበቂያም ተጠቅመንበታል። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ጉሮሮው በዚያች ዕውቀት ላይ የተንጠለጠለ ሰው ቢደብቃት አይፈረድበትም።

እኔ የምተዳደርበት ሙያ ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስጽፍ ኖሬያለሁ። በእኛ ዘንድ የሚከበረው ዕውቀቱን የደበቀው ሳይሆን ሥራውን አደባባይ አውጥቶ «እዩልኝ፣ አርሙኝ፣ ከጠቀማችሁም ውሰዱት» ያለው ነው። ይህ ለወላጆች ግራ ያጋባል። በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ሥልጠና ከተጀመረ ጀምሮ፣ በየእድሩና በየወላጆች ስብሰባው የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ልጄ ፕሮግራም እማራለሁ ብሎ ቀኑን ሙሉ የማያውቃቸውን ሰዎች ሲጠይቅ ይውላል። የሌላ ሰው ሥራ እየገለበጠ ያስገባል። ይኼ ኩረጃ አይደለም ወይ?» እናቴ ደግሞ በራሷ መንገድ ጠይቃኛለች፤ «እና ሰው በነፃ የሰጠውን ነው የምትሸጡት?»

መልሱ አጭር ስላልሆነ ነው ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት።

ፕሮግራም ማለት ከሁሉ በፊት ጽሑፍ ነው። ለኮምፒውተሩ «መጀመሪያ ይህን አድርግ፣ እንዲህ ከሆነ ወደዚያ እለፍ» እያለ ደረጃ በደረጃ የሚነግር የትእዛዝ ጽሑፍ ነው፤ ኮድ የምንለውም ይኸው ነው። አንድ ተራ የስልክ መተግበሪያ ስንሠራ እኛ ራሳችን የምንጽፈው ጥቂቱን ነው። ቀን የሚቆጥረውን፣ ሥዕል የሚከፍተውን፣ መልእክት በምስጢር የሚያሽገውን ክፍል ሌሎች ቀድመው ጽፈውታል፤ ብዙውንም በነፃ ትተውልናል። ሁሉንም ከዜሮ እንጀምር ብንል እንጀራ ለመጋገር መጀመሪያ ጤፉን እንደ መዝራት፣ ምጣዱንም ከጭቃ እንደ መሥራት ይሆንብናል።

ይህ ልማድ የበይነ መረብ ዘመን ልጆች ያመጡት አይደለም። (ከዚህ በኋላ ኢትዮጵያ መሆኗን ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1955 ሎስ አንጀለስ አካባቢ አይቢኤም 704 የተባለውን ግዙፍ ኮምፒውተር የሚጠቀሙ ድርጅቶች ማኅበር አቋቋሙ። ከመካከላቸው በገበያ የሚፎካከሩ የአውሮፕላን ሠሪዎች ነበሩ። ሆኖም ሁሉም አንድ ዓይነት ፕሮግራም ለየብቻ እየጻፉ ገንዘብና ጊዜ ማባከናቸው አስመረራቸውና የጻፉትን መለዋወጥ ጀመሩ። የማኅበሩ ስም ራሱ «ሼር» ነበር፤ ማካፈል ማለት ነው።

እኔ ግን ከሁሉ የምወደው የስቲቭ ክሮከርን ታሪክ ነው። በ1969 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር። ኮምፒውተሮችን በሩቅ የሚያገናኘው መረብ፣ ኋላ ኢንተርኔት የሆነው ማለት ነው፣ ገና ሊዘረጋ ነው። ኮምፒውተሮቹ በምን ቋንቋ ይነጋገሩ የሚለውን የተለያዩ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እየተሰበሰቡ ይመክሩበት ነበር። የተባለውን በጽሑፍ የማስፈር ሥራ ለክሮከር ደረሰው፤ እሱም ተጨነቀ። እኛ ተማሪዎች ማን ሆነን ነው ደንብ የምንጽፈው? የሚመለከታቸው ትልልቅ ሰዎች መጥተው ቢቆጡንስ? ያደረበት ቤት ሰዎች እንዳይነቁበት ሌሊት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ነው የጻፈው። ርእሱንም ትሕትና የተሞላበት አደረገው። ወደ እኛ ቋንቋ ስንመልሰው «አስተያየት እንዲሰጥበት የቀረበ» እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ሚያዝያ 7 ቀን 1969 ወጣ። ዛሬ ኢንተርኔት የሚሠራባቸው ሰነዶች ከ9,000 በላይ ደርሰዋል፤ አሁንም የሚጠሩት በዚያው የትሕትና ስም ነው። ማንም አንብቦ አስተያየት መስጠት ይችላል።

እርግጥ ሁሉም በዚህ አልተስማማም። በ1976 የ20 ዓመቱ ቢል ጌትስ በኮምፒውተር ለሚጫወቱ ወጣቶች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ድርጅቱ የሸጠውን ፕሮግራም እየቀዱ መቀባበላቸውን ስርቆት ነው አለ፤ ያለ ደመወዝ ማን ጥሩ ሥራ ይሠራል ሲልም ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ዛሬም አልሞተም።

በሌላው ወገን ሪቻርድ ስቶልማን ቆመ። ነገሩ የጀመረው በአንድ የማተሚያ ማሽን ነው። ስቶልማን ይሠራበት በነበረው የአሜሪካ ቤተ ሙከራ አዲስ ማተሚያ መጣ፤ ወረቀት እየያዘ አስቸገረ። ለቀድሞው ማሽን ሲበላሽ ለሰው መልእክት እንዲልክ አድርጎ ፕሮግራሙን አስተካክሎት ነበር፤ የአዲሱ ፕሮግራም ጽሑፍ ግን አብሮ አልመጣም። ጽሑፉ ያለው ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ባለሙያ ዘንድ መሆኑን ሰምቶ ሄዶ ቢጠይቀው «ላልሰጥ ፈርሜያለሁ» አለው። ስቶልማን ያን ቀን አልረሳውም። በ1983 ማንም ሊያነበው፣ ሊያስተካክለውና ሊያካፍለው የሚችል ሙሉ የኮምፒውተር ሥርዓት እንደሚጽፍ አስታወቀ። ከስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመዝናኛ ያህል የጀመረውን ሥራ ይፋ አድርጎ አስተያየት ጠየቀ። ትልቅ ነገር ይሆናል ብሎ አላሰበም፤ ይህንንም ጽፎታል። ሊኑክስ የተባለው ያ ሥራ ዛሬ በእያንዳንዱ አንድሮይድ ስልክ ውስጥ አለ። የልጅ ልጃችሁ ፎቶ የሚደርሳችሁ በእሱ ትከሻ ላይ ተጭኖ ነው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ዛሬ በስልካችን በአማርኛ የምንጻጻፈውም ባለሙያዎች ዕውቀታቸውን ጠረጴዛ ላይ ስላስቀመጡ ነው። በ1990ዎቹ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ያስጻፈ ሰው ያስታውሳል። ለኮምፒውተር ፊደል ማለት ቁጥር ነው። በዚያን ዘመን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሠራ ሁሉ ለ«ሀ» የመሰለውን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደል፣ ነጥብና ሰረዝ የተዘበራረቀበት ትርጉም የለሽ ነገር ይሆናል። ፍሎፒ ይዘን ስንሄድ ጸሐፊዋ መጀመሪያ የምትጠይቀን «በምንድን ነው የተጻፈው?» ብላ ነበር። እሷ ዘንድ ያ ፕሮግራም ከሌለ ሌላ ጽሕፈት ቤት መፈለግ ነው። ፕሮግራሞቹን የጻፉት ሰዎች ጎበዞች ነበሩ፤ ያለ እነሱ አማርኛ ኮምፒውተር ላይ አይታይም ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ በየራሱ ጎጆ ተቀመጠ፤ ፊደላችንም በየጎጆው ሌላ ሰው ሆነ።

መፍትሔው የመጣው በስምምነት ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ለእያንዳንዱ የዓለም ፊደል አንድ ቋሚ ቁጥር ይሰጣል። ጉዳዩ የገባቸው ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ባለሙያዎች ስለ ፊደሉ ሐሳብ አቅርበው፣ ተከራክረው፣ በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም 345 የኢትዮጵያ ፊደላት፣ አኃዞችና ምልክቶች ቦታ አገኙ። «ሀ» በኮምፒውተር አቆጣጠር 1200 ቁጥርን ያዘች። ቁጥሩን ማንም መግዛት ወይም መሸጥ አይችልም። ስለዚህ ዋሽንግተን ያለች አክስት የጻፈችው «እንደምን አደራችሁ» ደብረ ማርቆስ ያለ ስልክ ላይ እንደዚያው ሆኖ ይነበባል፤ ጽሕፈት ቤት ፍለጋ መዞር የለም።

የመደበቅን ዋጋ ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ የግል ድርጅት የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያሰላ ፕሮግራም ነበር። የጻፈው አንድ ባልደረባችን ነው፤ የሚያውቀውም እሱ ብቻ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጻፍልን፣ አስተምረን ያለውም የለም። ዲቪ ደረሰውና ተሸኘ፤ ዳቦ ተቆርሶ ፎቶ ተነሣን። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 2008 አዲሱ የገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ150 ብር ወደ 600 ብር ከፍ አለ። ደስ የሚል ዜና ነበር፤ ስሌቱን ፕሮግራሙ ውስጥ የት ገብቶ እንደሚቀይረው የሚያውቅ ግን ጠፋ። የወር ደመወዝ ዘገየ። ጥበቃዎቹና የጽዳት ሠራተኞቹ በየጠዋቱ የሒሳብ ክፍሉ በር ላይ ይቆሙ ነበር፤ ከመካከላቸው የቤት ኪራይ ቀን ያለፈባት እናት ፊት አሁንም ይታየኛል። አሜሪካ ተደወለ። ልጁ በቅንነት ሊረዳን ሞከረ፤ ነገር ግን እሱም ረስቶታል። «እዚያ አንድ ቦታ ላይ ነው» ከማለት ሌላ የሚለው አልነበረውም። ሒሳብ ሹሟ በመጨረሻ ካልኩሌተር ይዛ በእጇ ሠራችው።

ከዚያ ወዲህ በገባሁበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ሰው የጻፈውን ሌላ ሰው ሳያነበው ወደ ሥራ አይገባም። ይህ በእኛ ባህል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ትናንት የተመረቀች ልጅ የሃያ ዓመት ልምድ ያለውን ሰው ሥራ ታነባለች፤ መጠየቅም ግዴታዋ ነው። መጀመሪያ ሰሞን «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና…» ብላ ትጀምራለች፤ ጥያቄው ከመድረሱ በፊት አምስት ደቂቃ ያልፋል። ስትለምደው «ጋሼ፣ ይኼ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላ ቀጥ ትላለች። ጋሼው ካልተቀየመ ሁለቱም ይማራሉ። አዲስም አይደለም፤ የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ እንደሚያውቀው ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን እያስቀጸለ ነው ጉባኤው የሚቀጥለው። ልጅ አስተማሪን የሚጠይቅበት ወግም በዚያው ነበረ።

እንግዲህ ኩረጃው የቱ ጋ ነው? ወሰኑ አለ፤ ባለሙያውም አጥብቆ ይጠብቀዋል። በነፃ የተሰጠ ኮድ ሁሉ የአጠቃቀም ውል ተያይዞበታል። አንዳንዱ «ውሰድ፣ ስሜን ብቻ አትፋቅ» ይላል። ሌላው ወንፈል ነው፤ በእኔ ሥራ ላይ ጨምረህ ለሌላ ካከፋፈልክ አንተም የጨመርከውን ክፈት ይላል። ስም ፍቆ የራስ ማስመሰል በየትኛውም አገር ነውር ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል። የትምህርት ቤት ፈተናና የቤት ሥራም ሌላ ነገር ነው። እዚያ የሚፈለገው የተሠራው ነገር ሳይሆን የልጁ ጭንቅላት ስለሆነ መምህሩ «ለብቻህ» ካለ ለብቻ ነው። ከዚህ ውጭ ግን ልጃችሁ የሌላ ሰው ኮድ ወስዶ፣ ከየት እንዳመጣው ጽፎ፣ ምን እንደሚሠራ መስመር በመስመር ሊያስረዳችሁ ከቻለ ተማረ እንጂ አልኮረጀም። ማስረዳት ካቃተው ነው መጠርጠር።

«እኛ ኮምፒውተር ሳናውቅ እንዴት እንለየዋለን?» ትሉ ይሆናል። በ1999 አንድሪው ሀንትና ዴቪድ ቶማስ ለፕሮግራመሮች ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ አንድ አስቂኝ ዘዴ አለ። ችግሩ አልፈታ ያለው ሰው የፕላስቲክ ዳክዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሥራውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስረዳታል። ዳክዬዋ አትመልስም። ነገር ግን ሰው ጮክ ብሎ ሲያስረዳ የዘለለውን ራሱ ይሰማዋል። በየአገሩ የእኛ ሙያ ሰዎች ይህን እየሳቁም ቢሆን ያደርጉታል።

እኛ ቤት ዳክዬ የለም፤ እናቴ አለች። የ15 ዓመቷ ልጄ ለአያቷ እቁብ ዕጣ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፈች። የአባላቱን ስም ትመዘግባለች፣ ቁልፍ ስትጫን አንድ ስም ይወጣል። ቡና እየተፈላ «እማማ፣ ላስረዳሽ» ብላ ጀመረች። እናቴ ቆሎውን እያበጠረች ሰማቻትና «አሁን የወጣለት ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ቢወጣለትስ?» አለች። ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች። የወጣለትን ከዝርዝሩ ማውጣት አላሰበችም ነበር። ተነሥታ ወደ ኮምፒውተሯ ሮጠች። እናቴ ስለ ኮድ የምታውቀው ነገር የለም፤ እቁብ ግን አርባ ዓመት ጥላለች። ፕሮግራመር ከሌላ ፕሮግራመር ብቻ አይደለም የሚማረው፤ ሥራውን ከሚያውቅ ሰውም ነው። ደመወዙን ከሒሳብ ሹሟ፣ እቁቡን ከእቁብተኛዋ።

መስጠት ጣጣ የለውም አልልም። ብዙ ሰው ይወስዳል፤ የሚመልሰው ጥቂት ነው። በ2014 የዓለም ባንኮችና ድረ ገጾች ምስጢር የሚጠብቁበት ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በተባለ ነፃ ፕሮግራም ውስጥ ከባድ ቀዳዳ ተገኘ። ለካ የሚንከባከቡት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ኖረዋል፤ በልገሳ የሚያገኙትም በዓመት 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ያ ሁሉ ቢሊዮን በላዩ ሲመላለስ!

የ2024ቱ ደግሞ የባሰ ነበር። ፋይል የሚያሳንስ ኤክስ ዜድ የተባለ ፕሮግራም አለ፤ በዓለም ዙሪያ ባሉ ኮምፒውተሮች ውስጥ ይገኛል። ለዓመታት የጠበቀው በትርፍ ጊዜው የሚሠራ፣ የደከመው አንድ ሰው ነው። አንድ የማይታወቅ ረዳት መጣ። ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና እያገለገለ አመኔታ አገኘ፤ ሌሎች ስሞች ደግሞ ባለቤቱን «ዘገየህ፣ ለሌላ ልቀቅ» እያሉ ያዋክቡት ነበር። በመጨረሻ ረዳቱ በር የሚከፍት ምስጢራዊ ቁልፍ ፕሮግራሙ ውስጥ ደበቀ። የያዘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ነው። ለሌላ ሥራ ሲፈትሽ ወደ ኮምፒውተሩ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ግማሽ ሰከንድ! ሌላ ሰው ባላየው ነበር። ኮዱ ክፍት ስለነበር ገብቶ መረመረ፤ መጋቢት 29 ያገኘውን ለዓለም አሳወቀ። ክፍትነቱ ሌባውንም አስገባ፣ አሳዳጁንም አስገባ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያስገባ በር እስካሁን አላየሁም። ልጆች ከዚህ ታሪክ እንዲወስዱ የምፈልገው ግን ስለ ሌባው አይደለም፤ ያ የደከመ ሰው አንድም የሚያግዘው እውነተኛ ጎረቤት እንዳልነበረው ነው።

አሁን ደግሞ ልጆቻችን ሰው መጠየቁን እየተዉ የሚመልስ ማሽን ይጠይቃሉ። እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ያግዛል፤ እየተማመነ ስሕተት የሚናገርበት ጊዜም አለ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንድ ልጅ አደባባይ ላይ ጠይቆ ሲመለስለት መልሱን ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ልጅ ያገኘዋል፤ እኔ ራሴ የተማርኩት ሌሎች በጠየቁት ነው። ማሽኑን የጠየቀው ልጅ መልስ ግን እሱ ዘንድ ይቀራል። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ አንድ ልማድ አስገብተናል፤ ልጄ ከማሽኑ ያገኘችውን ለአንድ ሰው ታስረዳለች፤ ከተረዳችው በኋላም በራሷ ቃል ትጽፈዋለች።

ስታወጣው አብሬ አነብላታለሁ። የማየው ኮዱን ብቻ አይደለም። የይለፍ ቃል በስሕተት ገብቶ አብሮ አለመውጣቱን፣ የስልክ ቁጥር፣ የትምህርት ቤቷ ስም፣ የሰው ስም ዝርዝር አለመኖሩን ነው። የእቁቡን ፕሮግራም ስታወጣ የአያቷን ጓደኞች ስም «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ» በሚል ቀየረችው። ከሰውም ጋር ስለ ሥራው ብቻ እንጂ ስለ ራሷ አትጻጻፍም፤ «በግል እንነጋገር» ያለ ካለ መጀመሪያ የምትነግረን ለእኛ ነው።

ከሳምንት በኋላ የማታውቀው ሰው ፕሮግራሟን አይቶ ጥያቄ ላከላት። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ወስዶ መክፈል ቢያቆምስ? ልጄ ጥያቄውን ይዛ ወደ አያቷ ሄደች። እናቴ ፈገግ ብላ «እሱንማ ማሽን አይፈታውም፤ ዋስ አምጣ በይው» አለቻት። አሁን ፕሮግራሙ ከስሙ አጠገብ የዋሱንም ስም ይጠይቃል።